የአባቴን መርከብ በእንጨት መሥራት እፈልጋለሁ፤ ከየት ልጀምር?

የሞተረኛው_ልጅ (አዲስ አበባ) | መስከረም 18

ሰላም ለሁላችሁ። አንድ ዓመት ያህል እዚህ ዝም ብዬ ሳነብ ቆይቻለሁ። ዛሬ ግን መጠየቅ ግድ ሆነብኝ።

አባቴ የባሕር ኃይል ሰው ነበር። በ1961 ዓ.ም. በ19 ዓመቱ ገባ። ከዚያ በኋላ ያሉትን ዓመታት ያሳለፈው «ኢትዮጵያ» በምትባለው ትልቋ መርከብ ሞተር ክፍል ውስጥ ነው። እኛ ቤት ይህች መርከብ የምትነሣው እንደ ዘመድ ነው። የምጽዋ ሙቀት፣ የዲዝሉ ሽታ፣ የሞተሩ ጩኸት፣ ሁሉንም እየሰማን ነው ያደግነው።

አሁን 75 ዓመቱ ነው። ግላኮማ ዓይኑን እየወሰደበት ነው። የመርከቧን ፎቶ ከኢንተርኔት አውጥቼ ሳሳየው «ጥላ ነው የሚታየኝ» አለኝ። ያን ቀን ነው ያሰብኩት። በእጁ የሚዳስሳት መርከብ ልሥራለት።

የማውቀው ይኼን ያህል ነው። መርከቧን አሜሪካኖች በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ነው የሠሯት። የባሕር አውሮፕላኖችን እንድታገለግል ነበር፤ የመጀመሪያ ስሟ ኦርካ ነው። በ1954 ዓ.ም. ወደ እኛ መጣች። ርዝመቷ ወደ 95 ሜትር፣ ስፋቷ 12 ሜትር ተኩል ነው። በ1983 ዓ.ም. የመን ገባች። ከሁለት ዓመት በኋላ እዚያው ለብረት ተሸጠች። ስለዚህ ሄዶ የሚያያት ሰው የለም።

ከዚህ በፊት የሠራሁት አንድ ብቻ ነው። የአጎቴ ልጅ ከውጭ የላከልኝ ትንሽ የሸራ ጀልባ ኪት። አከርካሪውና የጎድን አጥንቶቹ ተቆርጠው ነው የመጡት። እኔ ቀጫጭን ጣውላ እየለጠፍኩ ሸፈንኩት። አራት ወር ፈጀብኝ፤ ወደድኩት። አሁን ግን ኪት የለኝም። የብረት መርከብ በእንጨት እንዴት ነው የሚሠራው? እንደዚያው ጣውላ ልለጥፍ? እንጨቱንስ ምን ዓይነት ላድርግ? ቀጭን ምላጭ ያለው የእጅ መጋዝ፣ ትንሽ መላጊያ፣ ሁለት መሮና አንድ ሞረድ አለኝ። የምሠራው ሳሎን ጥግ ላይ ነው።

ሰጋቱራ (ሜሪላንድ) | መስከረም 18

ልጄ፣ እንኳን ደህና መጣሽ። ከአባትሽ በጥቂት ዓመት ነው የማንሰው፤ ስለዚህ ልጄ ብልሽ ቅር አይልሽም።

ጣውላ አትለጥፊ። ጣውላ የሚያምረው ለሸራ መርከብ ነው። እውነተኛዋም በጣውላ የተሸፈነች ስለሆነች መስመሮቹ ሲታዩ ደስ ይላል። የአባትሽ መርከብ ግን ብረት ናት፤ ጎኗ ልሙጥ ነው። ስንት ቀን ጣውላ ለጥፈሽ፣ መልሰሽ በስቱኮ ልትደፍኚው ነው።

ለእሷ የሚሆናት ጣውላ በጣውላ ላይ መደርደር፣ «ድርድር» የምንለው ነው። ልጆቼ ትንሽ እያሉ ሳስረዳቸው «እንጀራ መሶብ ውስጥ እንደሚደራረበው» እላቸው ነበር። መርከቧን ከታች ጀምረሽ አግድም እንደተቆራረጠች አስቢያት። እያንዳንዱ ቁራጭ አንድ ጣውላ ነው። የታችኛው ጠባብ ነው፣ ወደ ላይ ሲወጣ ይሰፋል። ቆርጠሽ ትደረድሪና በኮላ ታጣብቂዋለሽ። እንደ እርሻ እርከን ያለ ነገር ይወጣል። ከዚያ የእርከኑን ጥግ በመላጊያና በመሮ እያነሣሽ ትሄጃለሽ። እርከኑ የጠፋ ቀን የመርከቧ ቀፎ አለሽ።

ስኬሉን 1 ለ 200 አድርጊው። በዚህ ስኬል 1 ሜትር 5 ሚሊሜትር ይሆናል። 5 ሚሊ ውፍረት ያለው ጣውላ ካገኘሽ፣ አንዱ ጣውላ የመርከቧ የ1 ሜትር ከፍታ ነው። ሒሳቡ በቀላሉ ይገባልሻል። 95 ሜትሩ 47 ሴንቲ ተኩል ይሆናል። ስፋቷ 6 ሴንቲ ከሩብ። ጭን ላይ ተቀምጣ በሁለት እጅ የምትያዝ መርከብ ናት። ከዚህ ካነሰች ጣት ዝርዝሩን አያገኘውም።

ሥዕል ታገኛለሽ፤ አትጨነቂ። መርከቧ ባርኔጋት ከሚባለው የመርከብ ዓይነት ናት፣ በዚያው ንድፍ የተሠሩ እህቶች አሏት። የእህቶቿም ሥዕል ይሠራልሻል። የሚያስፈልጉሽ ሦስት ናቸው። ከጎን የሚታየው፣ ከላይ የሚታየው፣ እና ከፊትና ከኋላ እየተቆራረጠ የሚታየው። ሦስተኛውን ብዙ ሰው ይንቀዋል። ለአንቺ ግን ዋናው እሱ ነው። ለምን እንደሆነ ቀፎውን መቅረጽ ስትጀምሪ እነግርሻለሁ።

ዱባይ_ክሪክ (ዱባይ) | መስከረም 19

እኔ ትንሽ የተለየ ሐሳብ አለኝ። የምሠራበት ቦታ ክሪኩ (ከተማው ውስጥ የሚገባው የባሕር ወሽመጥ) አጠገብ ስለሆነ ዳው የሚባሉት የዓረብ የእንጨት ጀልባዎች ሲጭኑና ሲያራግፉ በየቀኑ አያለሁ። በቀደመው የባሕረ ሰላጤው አሠራር የጎድን አጥንት ቀድሞ አይቆምም። መጀመሪያ ጣውላው በጣውላው ላይ እየተገጠመ ቅርፁ ይወጣል፤ አጥንቱ በኋላ ነው ከውስጥ የሚገባው። ሥዕል የለም፤ የሠሪው ዓይን ነው። እኔም አንድ ትንሽ ሳምቡክ (የዳው ዓይነት ነው) በዚህ መንገድ ሞክሬያለሁ። ከእንጨቱ ጋር መነጋገር ማለት እሱ ነው። ድርድር ግን እንጨቱን እንደ ድንጋይ ነው የሚያየው። እህቴ ጣውላ መለጠፍ ከለመደች ለምን ትተወዋለች?

ሰጋቱራ (ሜሪላንድ) | መስከረም 19

ወንድሜ፣ ያልከው ለዳው ልክ ነው። እዚህ አናፖሊስ፣ የአሜሪካ ባሕር ኃይል አካዳሚ ሙዚየም ውስጥ የ17ኛውና የ18ኛው ክፍለ ዘመን የእንግሊዝ መርከብ ሞዴሎች አሉ። በየዓመቱ ሁለት ሦስት ጊዜ ሄጄ እቆማለሁ። ብዙዎቹ ከታች ጣውላ የላቸውም። የጎድን አጥንቱ አንድ በአንድ እንዲታይ ሆን ብለው ክፍት ትተውታል። ያን ያየ ሰው ጣውላና አጥንት ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል።

ግን እነዚያ ሰዎች ሊያሳዩ የፈለጉት አጥንቱን ነው። የዚች ልጅ ጉዳይ ሌላ ነው። እሷ የምትፈልገው ቅርፁን ነው፤ የአባቷ መዳፍ የሚያውቀውን ቅርፅ። ለዚህ ደግሞ ከድርድር የሚታመን የለም።

አናጢው_ሳሪስ (አዲስ አበባ) | መስከረም 20

ስለ እንጨቱ እኔ ልናገር፤ 22 ዓመት ሠርቼበታለሁ።

ዝግባ ፈልጊ። ክሩ ቀጥ ያለ ነው፣ ቀለሙ ገርጣ ያለ፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ አንድ ዓይነት ጥንካሬ ያለው። መሮ ስታስገቢበት ወደ ፈለግሽው ይሄዳል። ግን አዲስ የተቆረጠ እንዳትገዢ። አንደኛ እነዚህ አገር በቀል ዛፎች፣ ዝግባውም ዋንዛውም ኮሶውም፣ እያለቁ ናቸው። ሁለተኛ አዲስ እንጨት እርጥብ ነው፤ ቤትሽ ገብቶ ይጣመማል። የድሮ ቁም ሳጥን መሳቢያ ፈልጊ። አሮጌ ዕቃ የሚሸጡት ጋ የተሰበረ ቁም ሳጥን ሁልጊዜ አለ። 30 እና 40 ዓመት ቤት ውስጥ የደረቀ እንጨት በገንዘብ አይገኝም።

ዋንዛም ይሆናል። ቀላል ነው፣ ለመሮ ይታዘዛል። ቀዳዳው ግን ክፍት ስለሆነ ስቱኮ ይበላል። ባሕር ዛፍ አትንኪ። ይጠማዘዛል፣ ይሰነጠቃል፣ ያናድድሻል። ኤምዲኤፍ፣ ከተፈጨ እንጨት ተጨምቆ የሚሠራውን ጣውላ፣ የሚሉሽ ይኖራሉ። ጠርዙ ይፈረፈራል፣ ብናኙ ሳንባ ውስጥ ይገባል፣ ሳሎን ውስጥ ጨርሶ አይሆንም። ወይራ ካገኘሽ ትንሽ ቁራጭ አስቀምጪ፤ ለጥቃቅን ዕቃ ይጠቅምሻል።

መሳቢያውን ማሽን ያለው እንጨት ቤት ወስደሽ በ5 ሚሊ አስልጊው። አጠገቡ ቁሚ። የመጀመሪያውን ጣውላ ከላገ በኋላ ራስሽ ለኪው። «ይኸው 5 ነው» ሲልሽ 5 ተኩል ሊሆን ይችላል። 8 ጣውላ ላይ ያ ግማሽ ሚሊ 4 ሚሊ ይሆናል።

ቫሳ_ጎረቤት (ስቶክሆልም) | መስከረም 22

አንድ ነገር ልጠይቅ። ከውኃ በላይ ያለውን ብቻ ብትሠሪስ? ብዙ ሰው የብረት መርከብ ሲሠራ ከውኃው መስመር ይቆርጠዋል። ጠረጴዛ ላይ ስታስቀምጫት ባሕር ላይ ያለች ትመስላለች። አራት ጣውላና ከባዱ ቅርጽ ይቀንስልሻል።

የሞተረኛው_ልጅ (አዲስ አበባ) | መስከረም 25

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ጋሼ ሰጋቱራ፣ ልጄ ማለትዎ ደስ ብሎኛል።

መሳቢያ አገኘሁ። ሦስት ናቸው፤ አንዱ ውስጥ የሰው የልጅነት ደብተር ነበረበት፣ ለባለ ሱቁ መለስኩለት። እንጨቱ ዝግባ መሆኑን አንድ የሰፈራችን አናጢ አረጋገጠልኝ።

ከውኃ በላይ ብቻ ስለ መሥራት አባቴን ጠየቅኩት። ትንሽ ዝም አለ። ከዚያ «እኔ የት ሆኜ ነው የኖርኩት?» አለኝ። ሞተር ክፍሉ ከታች ነው። ከእሱ ኋላ ሁለት ዘንግ ይወጣል፣ ጫፋቸው ላይ ሁለት ፕሮፔለር። «መኮንኖቹ ከላይ ናቸው። እኛ ከታች ነበርን» አለ። ስለዚህ ሙሉዋን ነው የምሠራት። ከታች እስከ ላይ።

ነገ ሥዕሉን አሳትሜ መቁረጥ እጀምራለሁ።

የሞተረኛው_ልጅ (አዲስ አበባ) | ጥቅምት 2

ችግር ገጠመኝ። ጣውላዎቹን በላይኛው ሥዕል መሠረት ቆረጥኩ። ከዚያ በጎን ሥዕሉ ላይ ሳስቀምጣቸው የፊት አፍንጫዋ ቀድሞ አለቀ። 14 ሚሊ ያህል ያንሳል! ሦስት ጊዜ ለካሁት። ጣውላው ነው ያጠረው ወይስ ሥዕሉ ነው የተሳሳተው? ሁለቱ ሥዕሎች የአንድ መርከብ ናቸው።

ሰጋቱራ (ሜሪላንድ) | ጥቅምት 2

ሁለቱን ሥዕሎች አንድ ቦታ ነው ያሳተምሻቸው?

የሞተረኛው_ልጅ (አዲስ አበባ) | ጥቅምት 2

አይ፣ ሁለት የተለያየ ማተሚያ ቤት። አንደኛው ጋ መብራት ሄዶ ስለነበር ሁለተኛውን ሌላ ጋ ወሰድኩት። አሁን ሳየው የላይኛው ሥዕል 46.1 ሴንቲ ነው የወጣው። ገጹ ላይ እንዲገባ ማሽኑ ራሱ አሳንሶታል።

ቫሳ_ጎረቤት (ስቶክሆልም) | ጥቅምት 3

እህቴ፣ ይኼ ከአንቺ በፊት በትልቁ ደርሷል። እዚህ ስቶክሆልም ቫሳ የምትባል የጦር መርከብ አለች። በ1628 ነሐሴ 10 ቀን፣ በፈረንጆቹ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ሸራዋን ዘርግታ ወጣች። 1300 ሜትር ያህል ሄዳ ሰመጠች። በ1961 አወጧት። አሁን ሙዚየም ውስጥ ቆማለች። ዘመድ ከአገር ቤት ሲመጣ መጀመሪያ የምወስደው እዚያ ነው።

በውስጧ የአናጢዎቹ ማስመሪያዎች ተገኝተዋል፣ አራት። ሁለቱ በስዊድን ጫማ የተከፈሉ፣ 12 ኢንች። ሁለቱ በአምስተርዳም ጫማ፣ 11 ኢንች። አንዱ ቡድን በአንዱ፣ ሌላው በሌላው ሲለካ ነበር ማለት ነው። መርከቧ ሲለካ ግራና ቀኟ እኩል አይደለም። የሰመጠችው በዚህ ብቻ አይደለም፤ ከላይ ከብዳ ነበር፣ ነፋስ ሲያጋድላት በክፍቱ የመድፍ መስኮት ውኃ ገባ። ግን ያን ማስመሪያ ካየሁ ጀምሮ እኔ አንድ ሞዴል በአንድ ማስመሪያ ነው የምሠራው። እስኪያልቅ ሌላ አላነሣም።

ሥዕልሽ ላይ 10 ሴንቲ የሆነ መስመር በእስክሪብቶ ጨምሪና አሳትሚ። ወረቀቱ ሲወጣ መጀመሪያ እሱን ለኪ። 10 ካልሆነ አትክፈይ።

የሞተረኛው_ልጅ (አዲስ አበባ) | ጥቅምት 5

የ10 ሴንቲውን መስመር አደረግኩት። ሦስቱንም ሥዕል በአንድ ማሽን፣ በአንድ ቀን አሳተምኩ። አሁን ይገጥማሉ። ያጠሩትን ጣውላዎች ከመርከቧ ወለል በላይ ለሚቆመው ቤት አስቀመጥኳቸው። እንደገና እየቆረጥኩ ነው።

የሞተረኛው_ልጅ (አዲስ አበባ) | ጥቅምት 14

ይቅርታ፣ በተደጋጋሚ የምጽፈው ችግር ሲገጥመኝ ብቻ ሆነ።

ትናንት ሁሉንም ጣውላ በአንድ ጊዜ በኮላ አጣበቅኩ። ኮላው ወፍራም ስለመሰለኝ በውኃ አቀጠንኩት። ቶሎ እንዲደርቅ በረንዳ ላይ ፀሐይ ላይ አስቀመጥኩት። ዛሬ ጠዋት ሳየው ፊትና ኋላው ወደ ላይ ተነሥቷል። ጠፍጣፋ ጠረጴዛ ላይ ሳስቀምጠው ከሁለቱም ጫፍ ሥር 4 ሚሊ ክፍተት አለ። በዚያ ላይ ሦስተኛው ጣውላ ከመሐል መስመሩ ወደ ግራ ሸሽቷል። አልቅሼ ነበር፤ እውነቱን ነው የምነግራችሁ። አባቴ ሰማኝና «ምን ሆነች?» አለኝ። «ደህና ናት» አልኩት።

አናጢው_ሳሪስ (አዲስ አበባ) | ጥቅምት 14

እህቴ፣ አይዞሽ። እንጨቱ ያደረገው ማድረግ ያለበትን ነው። እንጨት ውኃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰበሰባል። ኮላውን በውኃ ስታቀጥኚ እንጨቱን አጠጣሽው። ከዚያ ፀሐይ ላይ ስታወጪው ከላይ ያለው ፊት ቀድሞ ደርቆ ተሰበሰበ። ከታች ያለው ገና እብጥ ነበር። የላይኛው ጎተተ፣ ጫፎቹ ተነሡ። በር ላይ ያየሁት ነገር ነው፣ በመስኮት ላይም። ያንቺ ትንሽ ስለሆነ ነው በ4 ሚሊ የቀረው።

ነጭ ኮላ በውኃ አይቀጥንም። እንደወጣ በስሱ ቀቢው። ጣውላውን በምታጣብቂበት ክፍል ውስጥ ሦስት ሳምንት አስቀምጪው፤ የክፍሉን አየር ይልመድ። ስትደረድሪ የአንዱ የዓመት ቀለበት ወደ ላይ ከጎበጠ የሚቀጥለውን ገልብጪው። አንዱ ሊጣመም ሲል ሌላው ይይዘዋል። ከዚያ ጥላ ውስጥ፣ ከባድ ነገር ጭነሽበት፣ አንድ ሙሉ ቀንና ሌሊት። የወፍጮ ድንጋይ ቢኖር እሱን እልሽ ነበር። የብረት ምጣድና ሁለት ጆንያ ስኳርም ይሆናል።

ሰፈርሽ ሩቅ ካልሆነ የተላገ ዝግባ ቁራጭ አለኝ። ና ብለሽ ላኪብኝ፣ አመጣልሻለሁ። ለአባትሽ ነው።

ሰጋቱራ (ሜሪላንድ) | ጥቅምት 15

አናጢው የተናገረውን ሁሉ አድርጊ። ሁለት ነገር እጨምራለሁ።

ጣውላው የሸሸብሽ ኮላ ሲረጥብ ስለሚያንሸራትት ነው። ክብደት ስትጭኚበት ደግሞ ይብሳል። ስለዚህ ኮላ ከመቀባትሽ በፊት ሁሉንም ደርድሪና በትክክል አቀማምጪ፤ ከላይ እስከ ታች ሁለት ቦታ ቀዳዳ ብሺ። የቀርከሃ ዘንግ ግጠሚበት። ከዚያ ነቅለሽ ኮላ ቀቢ፤ ስትመልሺው ቀርከሃው ይይዘዋል። የትም አይሄድም።

ሁለተኛው ትልቁ ነው። እያንዳንዱን ጣውላ ግራና ቀኝ ከፍለሽ ሥሪው። ሁለቱን ግማሾች አንድ ላይ ይዘሽ ቁረጫቸው፣ እንደ መንታ ይወጣሉ። ከዚያ መሐል ላይ አጣብቂያቸው። በመሐል ያለው የኮላ መስመር የመርከቧ መሐል ይሆናል። በእርሳስ የሳልሽውን መስመር መላጊያው ያጠፋዋል። የኮላውን መስመር ግን ማንም አያጠፋውም፤ እስከ መጨረሻው ከአንቺ ጋር ነው።

በነገራችን ላይ የመጀመሪያውን አትጣዪው። መሮ መለማመጃ አድርጊው።

ታንኳ_ጣና (ባሕር ዳር) | ጥቅምት 20

እኔ ከደንገል ትንንሽ ታንኳ ነው የምሠራው። የእንጨት ሰው አይደለሁም፤ ግን ይኼን ውይይት ከመጀመሪያው እየተከታተልኩ ነው። እዚህ ታንኳ ሲሠራ ሥዕል የለም። ደንገሉ ይታሰራል፣ ጫፉ በገመድ ወደ ላይ ይሳባል፣ ገመዱ ነው ቅርፁን የሚይዘው። በፈረንጆቹ 1969 ቶር ሄየርዳል አትላንቲክን ሊያቋርጥባት የሠራት ራ የምትባለው ጀልባ ደንገሏ ከጣና ነው የሄደው። የመጀመሪያዋ አልደረሰችም። በሚቀጥለው ዓመት ሁለተኛዋ ባርቤዶስ ገባች። እኛ ጋ ይኼን የማያውቅ ብዙ ነው፤ ስለዚህ ባገኘሁበት ሁሉ እናገራለሁ።

ለእህቴ የምለው አንድ ነው። ለምሰሶዎቹ ገመድ ስትፈልጊ ተራ ክር አትጠቀሚ። ፀጉር ያወጣል፣ በዚያ መጠን ገመድ ሳይሆን ጥጥ ነው የሚመስለው። ክሩን ንጹሕ የማር ሰም ላይ ሁለት ሦስት ጊዜ ጎትቺው፣ ከዚያ በጣቶችሽ መሐል አሙቂና አሹው። ፀጉሩ ይተኛል። ጣትም ሲነካው ለስላሳ ነው።

የሞተረኛው_ልጅ (አዲስ አበባ) | ኅዳር 16

ጠፍቼ ነበር። እንጨቱን ሦስት ሳምንት ክፍሉ ውስጥ አስቀመጥኩት፤ መጠበቁ ከባድ ነበር። አናጢው_ሳሪስ እንዳለው ቁራጩን ይዞ መጥቶ ከአባቴ ጋር ሻይ ጠጥቶ ሄደ። እግዚአብሔር ይስጥህ ወንድሜ።

በግማሽ በግማሽ ቆረጥኩ። በቀርከሃ ያዝኩ። ኮላውን ሳላቀጥን ቀባሁ። ጥላ ውስጥ አስቀመጥኩ። ዛሬ ጠረጴዛ ላይ ሳደርጋት ከሥሯ ወረቀት እንኳ አይገባም። ቀጥ ብላለች! እርከኗ ቆንጆ ነው፤ እንዲሁ ትቼው ባየው ሁሉ አሰኘኝ። አሁን መላጊያውን ይዣለሁ፣ እጄ ግን አይደፍርም። ጋሼ፣ ሦስተኛውን ሥዕል ያሉኝ አሁን ነው።

ሰጋቱራ (ሜሪላንድ) | ኅዳር 16

አዎ፣ አሁን ነው። ደስ ብሎኛል ልጄ። ቀስ ብለሽ አንብቢው።

ሦስተኛው ሥዕል መርከቧን ከፊት እስከ ኋላ እንደ ዳቦ በወርዷ እየቆረጠ ነው የሚያሳይሽ። እያንዳንዱን ቁራጭ በወፍራም ካርቶን ላይ ቅጂና የውጩን ቅርጽ ቁረጪ። ካርቶኑ በመርከቧ ጎን ላይ ቁጭ የሚል መለኪያ ይሆናል። አሥር ቦታ ይበቃል። ግን ከፊትና ከኋላ ጠጋ ጠጋ አድርጊያቸው፤ ቅርፁ ቶሎ የሚለወጠው እዚያ ነው። መሐሏ ሣጥን ነው ማለት ይቻላል። አንድ ካርቶን ለግራም ለቀኝም ነው፤ ትገለብጪዋለሽ። ለግራ ሌላ፣ ለቀኝ ሌላ ካርቶን ከሠራሽ የቫሳን ማስመሪያ አመጣሽ ማለት ነው።

አሁን መላጊያው። ከመሐል ጀምሪ፣ ወደ ጫፍ ሂጂ። እርከኑ ላይ ወደ ውስጥ የገባው ጥግ አለ፣ ሁለት ጣውላ የሚገናኝበት። ያ ጥግ እውነተኛው የመርከቧ ቆዳ ነው። የወጣውን ጥግ ትበያለሽ፤ የገባውን አትነኪውም። ጥጉ ላይ ቀድመሽ በእርሳስ አጥቁሪው። እርሳሱ እንደ ፀጉር እስኪቀጥን ላጊ፤ ሳይጠፋ ቁሚ። ካጠፋሽው አልፈሻል።

ኋላዋ ሥር፣ ፕሮፔለሮቹ ያሉበት ጋ፣ መላጊያ አይገባም። እዚያ መሮና ሞረድ ነው። መሮውን ሁልጊዜ ከወፍራሙ ወደ ቀጭኑ ግፊ። ተቃራኒውን ካደረግሽ ክሩ ይነሣና ስንጣቂ ያወልቃል።

የኮላ መስመሮቹን እያቸው። ከእርከን ወደ ልሙጥ ስትሄጂ ጎኗ ላይ ረጃጅም ቀጫጭን መስመሮች ይወጣሉ፣ እንደ ካርታ። ሳይንቀጠቀጡ ከጫፍ እስከ ጫፍ ከፈሰሱ ቀፎው ደህና ነው። የሆነ ቦታ ላይ ወዘወዝ ካሉ እዚያ ጉብታ ወይም ጉድጓድ አለ። ግራውን ከቀኝ ጋር አስተያዪ።

መጨረሻ ላይ ብርጭቆ ወረቀት። በጣትሽ አትያዢው፤ እንጨት ላይ ጠቅልለሽ፣ ረዘም ባለ እንጨት። ጣት ጉድጓዱን ተከትሎ ይገባል። ከዚያ መብራት አጥፊና አንድ አምፖል ከጎን አብሪባት። ጥላው ይናገራል። ከዚያ ዓይንሽን ጨፍነሽ ዳስሻት። ካርቶን ያላገኘውን መዳፍ ያገኛል። 19 ዓመት ስሠራ የማላየውን ጉብታ ያገኘሁት ሁልጊዜ በመዳፌ ነው።

ዱባይ_ክሪክ (ዱባይ) | ኅዳር 17

ጋሼ፣ መስከረም ላይ ያልኩትን አንሥቻለሁ። እንጨቱን እንደ ድንጋይ አያየውም። የገባውን ጥግ አለመንካት የሚለውን ለሳምቡኬም ጽፌ ይዤዋለሁ።

የሞተረኛው_ልጅ (አዲስ አበባ) | ታኅሣሥ 21

ቀፎዋ ወጣች።

አንድ ወር ከአምስት ቀን ፈጀ። የኮላ መስመሮቹ ከፊት እስከ ኋላ ይፈስሳሉ። አሥሩም ካርቶኖች ቁጭ ይላሉ። በስቱኮ በስሱ ደፈንኳት፣ አንድ ጊዜ መሠረት ቀለም ቀባኋት።

ጥቃቅኑ ዕቃ ላይ አባቴም እየሠራ ነው። የተቃጠለ የውኃ ፓምፕ ሞተር ጎረቤት ነበረ። ኮይሉን ራሱ ፈታው። ዓይኑ ባያይም እጁ ኮይል መፍታት አልረሳም። ያንን የመዳብ ሽቦ በሁለት እንጨት መሐል እየጎተትን አቃንተን ለአጥሩ ሐዲድ አደረግነው። የፊቱ መድፍ 127 ሚሊ ነው፤ በስኬሉ አፈሙዙ 24 ሚሊ ርዝመት ይሆናል። ከመርፌ ሠራሁት፣ ጫፉን በሞረድ አድንዤ። ፕሮፔለሮቹን ከቆርቆሮ ቆርጬ የወይራ እምብርት ላይ አጣበቅኳቸው። ክሩን በሰም አሸሁ። ታንኳ_ጣና፣ ልክ ነህ፤ ገመድ መሰለ።

የምጠይቀው አለኝ። ትናንት ማታ ጭኑ ላይ አስቀመጥኩለት። ከፊት ጀመረ። በሁለት እጁ ግራና ቀኟን ይዞ ወደ ኋላ ሄደ፤ ቀስ ብሎ። ሞተር ክፍሉ ጋ ሲደርስ ቆመና በአውራ ጣቱ ሁለት ጊዜ መታ መታ አደረጋት። «መሰላሉ በዚህ ነው የሚወርደው» አለ። እንደገና ቀጠለ። ፕሮፔለሮቹን አገኘ፣ አንዱን አሽከረከረው። ከዚያ ወደ ኋላ ተመለሰና ቀኝ ጎኗ ላይ፣ ከዘንጉ ትንሽ ከፍ ብሎ ቆመ። ግራውን ዳሰሰ። ቀኙን ዳሰሰ። «እዚህ ጋ ወፍራለች» አለኝ።

ካርቶኑን አምጥቼ አስቀመጥኩ፤ ይገጥማል። አምፖሉን አበራሁ፤ ምንም አይታይም። ዛሬ ጠዋት በሁለቱ ካርቶኖች መካከል አዲስ ካርቶን ቆርጬ ለካሁ። ግራውና ቀኙ ይለያያሉ፤ ቀኙ 1 ሚሊ ይወጣል።

ጋሼ፣ ስቱኮውንና ቀለሙን እስከ እንጨቱ አንሥቼ በመላጊያ ልግባ? ወይስ በላዩ ላይ በብርጭቆ ወረቀት ብቻ ልቀንሰው? እሱ ምሳ ከበላ በኋላ እንደገና ሊዳስሳት ይፈልጋል።

ሰጋቱራ (ሜሪላንድ) | ታኅሣሥ 21

እስከ እንጨቱ አንሺው። በመላጊያ ሳይሆን በሞረድ፣ ግማሽ ሚሊ ብቻ ቀንሺና ስጪው። የቀረውን እሳቸው ይንገሩሽ።